ለእትዬ ሱማና አራጅ ስንፈልግ

ሰሞኑን ሁለት ተማሪዎች ሱሪ ሊያሳጥሩ ወደ እኔ መጡ። እኔ ጋ ስል ሱቅ ያለኝ እንዳይመስላችሁ፤ ወልድያ ጎንደር በር አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን የማስቀምጥበት ቦታ ተከራይቼ ነው የምሠራው። ልጆቹ ሱሪያቸውን ሰጡኝና አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይከራከሩ ጀመር። አንዱ «ቡድሂዝም ሃይማኖት ነው፤ ቤተ መቅደስ አለው፣ መነኩሴ አለው፣ ጾም አለው፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፈጣሪ የሌለው ሃይማኖት የት አየህ? ፍልስፍና ነው፤ ሰው ራሱን የሚመረምርበት መንገድ ነው» ይላል። መምህራቸው ለክፍል ውስጥ ክርክር የሰጣቸው ይመስለኛል። እኔ አቀርቅሬ ፔዳሌን እረግጣለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይን አፋር ነኝ፤ ሱሪውን ስመልስላቸው እንኳን ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ነገር ግን ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ይህ ጥያቄ መርሳ ላይ፣ እኛ ግቢ ውስጥ ችሎት ተቀምጦበታል፤ ያኔ የሚያስገኘው ማርክ አልነበረም፤ እኔ ዛሬ ከዚህ መኪና ጀርባ ልቀመጥ ወይስ አልቀመጥ የሚወስን ነበር» ልላቸው ፈለግሁ። አላልኩም። ከፍለውኝ እየተከራከሩ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ እዚህ ይሰፋል፣ ልቤ ግን መርሳ ነው።

ያኔ መርሳ ደስ ትል ነበር። አሁንም ደስ ትላለች፤ ያኔ ግን እኔም ልጅ ስለነበርኩ ሁለታችንም እኩል ደስ እንል ነበር። ከደሴ የመጣ አውቶብስ ገና ፍጥነቱን ሲቀንስ ሴቶቹ ማንጎና ፓፓያ በሳፋ ተሸክመው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፤ ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይከራከራል። አምስት ማንጎ በአሥር ብር ሲባል «ዘረፋ ነው!» ብሎ የጮኸ አንድ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ያንን ሰው ዛሬ ባገኘው የዛሬውን ዋጋ ነግሬው ፊቱን ባየሁ እላለሁ። ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ አሥራ አምስት ብር ነበር፤ ረዳቱ ጓደኛህ ከሆነ አሥር። ሚኒባሶቹ ውስጥ አምባሰልና ትዝታ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም። ሹፌሮቹ ዘፈኑን በፍላሽ አስጭነው ስለሚይዙት የአንዱ ሹፌር ፍላሽ ተበላሽቶ አንድ ዘፈን ብቻ ሲደጋግም ከርሞ፣ ከተማው በሙሉ ያንን ዘፈን በቃሉ አውቆት ነበር። የኛ የልጃገረዶቹ ወግ ባለ አበባ ሻርፕ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ትንንሽ የብር ዶቃ ያለው፣ ስትራመጂ ሿ ሿ የሚል። ሁለት ሻርፕ ያላት ልጅ ሀብታም ናት። ስልክ ያለው ሰው ደግሞ ባለ ባትሪዋን ቀፎ ነው የሚይዘው፤ መብራት ሲጠፋ መንደሩ ሁሉ በስልክ ባትሪ ብልጭ ብልጭ ሲል ከሩቅ ለተመለከተው ሰርግ ያለ ይመስላል።

አባቴ እንድሪስ ጤፍና ማሽላ ይነግዳል። ግቢያችን ውስጥ ለብቻዋ በር ያላት አንዲት ክፍል ነበረች፤ እሷን እናከራያለን። በዚያ ዓመት የተከራየችው ሱማና የምትባል ከሲሪላንካ የመጣች የግብርና መምህርት ናት። ዕድሜዋ ከእናቴ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አንድ ጉንጉን የምታደርግ። ከሩቅ ላያት የራያ ሴት ትመስላለች፤ ገበያ ላይ ሰው በአማርኛ አናግሯት አፍጥጣ ስታየው «ኮርታ ነው» ብሎ የተቀየማት አለ። መጀመሪያ እኔ «እርስዎ» እላት ነበር። እሷ የለመደችው አማርኛ ግን «አንተ» እና «አንቺ» ብቻ ስለሆነ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ያንኑ ነበር የምታድለው፤ እኔም ቀስ በቀስ እንደ ታላቅ እህት «አንቺ» ማለት ለመድኩ። ክፍሏን እጠርግላታለሁ፣ ውሃ እቀዳላታለሁ፣ እሷም አማርኛ ትለማመድብኛለች። ከሰው ጋር ማውራት ለማልችለው ለእኔ ጥሩ ነበር፤ ሁለታችንም በቂ ቃል ስለሌለን ዝም ማለት አያሳፍርም። ሥጋ አትበላም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ማንጎ። ጊንጥ ክፍሏ ሲገባ እንደ ሰው በጫማ አትደበድበውም። ብርጭቆ ትደፋበታለች፣ ከሥሩ ወረቀት ትሰድለታለች፣ ከዚያ እንደ እንግዳ ተሸክማ ወደ ካቡ ወስዳ ትለቀዋለች። እናቴ ይህን ባየች ቁጥር «ያ ረቢ፣ ነገ ይኸው ጊንጥ ተመልሶ የኔን እግር ይፈልጋል!» ትላለች።

እኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው ከትምህርት የቀረሁት። እናቴ በዚያ ዓመት ታማ ስለነበር ቤቱን የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ አልሃምዱሊላህ እሷ ዳነች፣ እኔ ግን ወደ ክፍል የምመለስበት ድፍረት አጣሁ። እጄ ላይ ግን ነገር ነበረኝ። የቤቱን የተቀደደ ሁሉ የምሰፋው እኔ ነበርኩ፤ የእትዬ ሱማናንም ቀሚስ በእጅ መርፌ አጥብቤላት የመኪና ስፌት መስሏት ገልብጣ አየችው። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ወደ ወልድያ ልትዛወር ሆነ። ያኔ ነው አባቴንና እናቴን አስቀምጣ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእጇ፣ የጠየቀቻቸው፦ «ሉባባ ከእኔ ጋር ትምጣ። ወልድያ ልብስ ስፌት የሚያስተምር አለ። እኔ እከፍላለሁ። እሷ ቤት ትረዳኛለች። እኔ ብቻዬን አልሆንም።» እኔ በር ሥር ቆሜ ነበር። ሉባባ እኔ ነኝ። ስፌት አንገቱን ደፍቶ ለሚኖር ሰው የተፈጠረ ሙያ ነው፤ ሰው አያይሽም፣ ሥራሽን ያያል። ከዚያ በፊት እንደዚያ አጥብቄ የተመኘሁት ነገር አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ የለም።

አባቴ ደስ ብሎታል፤ ግን ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ ሌላ ሰው ቤት እንድታድር መፍቀድ የሱ ሥልጣን አልነበረም። ግራና በምትባለው የገጠር ከተማ ያሉት አያቴ፣ አባባ ሰይድ፣ አሉ። ቤታችን ውስጥ ሰርግም ሆነ ቀብር፣ በሬ መሸጥም ሆነ ልጅ መላክ ያለሳቸው ቃል አይሆንም። አባቴ ደውሎ ነገራቸው። አያቴ ስልክ ላይ የሚያወሩት ከግራና ድምፃቸው ራሱ መርሳ እንዲደርስ ነው፤ ስለዚህ እኔም ሰማሁ።

«ክርስቲያን ናት?»

«አይደለችም፣ አባ።»

«እስላም ናት?»

«አይደለችም። ቡድሃ ነው የሚሉት።»

«እሱ ሃይማኖት ነው?»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ይመስለኛል፣ አባ።»

«ይመስለኛል ተብሎ ልጅ አይሰጥም! ክርስቲያን ብትሆን ዛሬውኑ ውሰጃት ባልኩ። ክርስቲያን ጾሙን ያውቃል፣ ኃጢአቱን ያውቃል፣ ከሰው ልጅ ጋር እንዴት እንደሚኖር ያውቃል። ሃይማኖት የሌለው ሰው ግን ልጓም የሌለው በቅሎ ነው። ዛሬ ደህና ይሄዳል፤ ነገ ይዞህ ገደል ይገባል። መጥቼ አያታለሁ።»

ስልኩ እንደተዘጋ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መስኮቷ ላይ ያለችውን ነገር መሳቢያ ውስጥ እንድታስገባት ንገሪያት» አለኝ። መስኮቷ ላይ ጭብጥ የምታክል፣ እግሯን አጣጥፋ የተቀመጠች የሸክላ ምስል ነበረች። ያኔ ነው የአባቴ ጭንቀት የገባኝ። አያቴ ይህች ሴት ሃይማኖት የላትም ካሉ እኔ ቀረሁ። ሃይማኖት አላት ካሉና ምስሏን ካዩ ደግሞ ጣዖት ነው ይላሉ፤ ያኔም ቀረሁ። በሁለቱም በኩል በሩ ዝግ ነው። እትዬ ሱማናን ልነግራት ሦስቴ ይሁን አራቴ ወደ ክፍሏ ገብቼ፣ መሬቱን ጠርጌ ጠርጌ፣ አፍሬ ወጣሁ። ምስሏ እዚያው መስኮት ላይ ቀረች።

አያቴ በማግስቱ ከአውቶብስ መናኸሪያው በባጃጅ መጡ፤ አጠገባቸው ደግሞ አንድ የሰባ በግ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጧል። ባጃጁ በራችን ላይ ቆሞ የሁለት ሰው ሒሳብ ሲጠይቃቸው «በግ ተሳፋሪ ከሆነ እሱን ራሱን ጠይቀው!» ብለው ወረዱ። ሹፌሩ ሳቀና ተወው። አያቴ እንዲህ ናቸው። ልጅ የሚያስቀር ጥያቄ ይዘው መጥተው እንኳን ለሴትየዋ በግ ይዘውላት መጡ። እንግዳ ሊመረመር ይችላል፤ ሳይከበር ግን አይመረመርም።

እትዬ ሱማና ከክፍሏ ወጥታ እጆቿን ደረቷ ላይ አጋጥማ ጎንበስ አለችና «ሰላም! አንተ ደህና ነህ?» አለቻቸው። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አያቴ ግን ከት ብለው ሳቁ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ አንተ ያለኝ ሰው አልነበረም። ደህና ነኝ፣ ልጄ!»

አሁን የእኛን አገር ወግ ላላወቀ ሰው አንድ ነገር ልናገር። ወሎ እስላምና ክርስቲያን አብሮ ይኖራል፣ ይጋባል፣ ይቀባበራል፤ ሥጋ ላይ ግን ይለያያል። እስላሙ እስላም ያረደውን፣ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን ይበላል። ስለዚህ ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣብን አባቴ ጎረቤታችንን ጋሽ ደሳለኝን ይጠራል። ጋሽ ደሳለኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ያስተምራሉ፤ የራሳቸውን ቢላ ይዘው መጥተው በስመ አብ ብለው ያርዱልናል። ጋሽ ደሳለኝም እስላም እንግዳ ሲኖራቸው አባቴ ይሄዳል። ቢላው ይለያል፣ ድስቱ ይለያል፣ ሳቁ አንድ ነው። አያቴ በጉን ማንጎው ሥር አሰሩና በዚሁ ወግ ጥያቄውን አነሱት። «ለሷ የሚያርድላት የሷ ሰው ማነው?»

አባቴ ራሱን አከከ። «መርሳ ላይ ቡድሃ እሷ ብቻ ናት፣ አባ።»

«ወልድያስ?»

«ወልድያም የሰማሁት የለም።»

«ደሴስ?»

«አባ! አራጅ ፍለጋ ደሴ ድረስ ልንሄድ ነው?»

«ሃይማኖት ካላት አራጅ አላት። አራጅ ከሌላት…» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት። ትንሽ ቆይተው «እንግዲያስ ቸግሮናልና ራሷ ትረድ፤ አላህ ችግርን ያውቃል» ብለው ቢላውን በስለቱ ይዘው እጀታውን ወደ እትዬ ሱማና ዘረጉላት። እሷ ቢላውን አየች፣ በጉን አየች፣ እኛን አየች። ከዚያ ሁለት እጆቿን እንደ ሕፃን ልጅ ወደ ኋላዋ ደበቀችና «እኔ? አይ፣ አይ፣ አይ!» እያለች ወደ ኋላዋ እስከ ግድግዳው ሄደች። እዚያ ግቢ ውስጥ ለምን እንደደነገጠች የገባን ጊንጡ ሲሸኝ ያየነው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ማድ ቤት ገባች።

ጋሽ ደሳለኝን ጠሩ። ቢላቸውን ይዘው መጡ፤ ግን የተፈለጉት ለእንግሊዝኛቸው ነበር። ከእትዬ ሱማና ጋር ተነጋገሩና «አባባ ሰይድ፣ በኔ ስም ነፍስ አይጥፋ ነው የምትለው። ለሷ ተብሎ ከታረደ ኃላፊነቱ እሷ ላይ ነው። ሥጋም አትበላም» አሉ።

«እየጾመች ነው?»

«ጾም እንኳን አይደለም። ፍልስፍናዋ ነው።»

አያቴ ቢላውን አስቀመጡ። «ፍልስፍና ምንድን ነው?»

ጋሽ ደሳለኝ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ያህል ደስ አላቸው። «ማሰብ ነው፣ አባባ። መመርመር። ቡድሂዝም ፈጣሪ አለም የለም አይልም፤ ሰው ለምን ይሠቃያል፣ ከሥቃዩስ እንዴት ይወጣል ብሎ ነው የሚጠይቀው። እንዲያው ሃይማኖት ከሚሉት ፍልስፍና ቢሉት ይሻላል፤ የተማረ ሰው ነገር ነው።»

«ማሰብማ እኔም በሬ ስጠብቅ አስባለሁ።»

«እሱም ፍልስፍና ነው፣ አባባ።»

«የኔስ ሃይማኖት አለኝ፤ ትርፍ ጊዜዬን ነው የማስበው። እሷ ግን ሃይማኖት የላትም ነው የምትለኝ?»

«እንደሱ ማለቴ…»

«አልክ እኮ፣ ደሳለኝ!»

ጋሽ ደሳለኝ ሊያሞግሷት ነበር፤ ፊታቸው ሲቀላ አየሁ። እኔ ከማንጎው ወዲያ ቆሜ የሻርፔን ዶቃ እየነካካሁ ነበር። ወልድያ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ናት ይላሉ፤ በዚያች ሰዓት ግን ከሲሪላንካም ራቀችብኝ። አያቴ ለእንግዳዋ ክፉ ቃል አልተናገሩም። በጉን አዩትና «በጉን ለሷ ብዬ አምጥቼው ነበር። አሁን ኒያዬን ቀይሬ ለልጆቹ አድርጌዋለሁ። ይህንን ንገራት፣ እንዳትጨነቅ» አሉ። ኒያ ልብ ውስጥ ያለው ሐሳብ ነው፤ እኛ ዘንድ ሥራ የሚመዘነው በሱ ነው። ጋሽ ደሳለኝ ሲነግሯት እትዬ ሱማና ፊቷ በራ፤ ብዙ ተናገረች።

«ምን አለች?»

«አገሯም እንደዚሁ ነው አለች። እጅ ከሠራው በፊት ልብ ያሰበው ይቆጠራል አለች።»

«ኒያ አላቸው?» አያቴ ቅንድባቸውን አነሱ።

«ሳይኖራቸው አይቀርም» አሉ ጋሽ ደሳለኝ፤ ከአንዴው ስሕተት በኋላ በጣም ተጠንቅቀው።

አባቴ ቢስሚላህ ብሎ አረደ። ምሳ ሲቀርብ ግን ያልታሰበ ነገር ተገለጠ። እትዬ ሱማና ሥጋ አትበላም፤ ጋሽ ደሳለኝ የእስላም ሥጋ አይበሉም። በግ በታረደበት ቤት ሁለቱ እንግዶች አንድ ትሪ ላይ ሽሮ በሉ። አያቴ ቅልጥም እየጋጡ «እናንተን መጋበዝ እንዴት ርካሽ ነው!» ይሏቸዋል። ጋሽ ደሳለኝ ደግሞ «ቆይ ብቻ ፋሲካ ይምጣ፣ እርስዎን ጎመን ነው የማበላዎት!» ይላሉ። ሁሉም ይስቃል። እኔ ብቻ አልሳቅሁም።

አያቴ እኛ ዘንድ አደሩ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ፣ ለሱብሂ ሶላት ስነሣ፣ አያቴ ቀድመውኝ ወጥተው ቧንቧው ጋ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ፣ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ቆመዋል። ውሃውን ግን አያፈሱም። ወደ እትዬ ሱማና ክፍል እያዩ ነው። በሩ ክፍት ነበር። እሷ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት እንደምታደርገው ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊቷ መስኮቱ አለ፤ መስኮቱ ላይ ምስሏ፤ ምስሏ ሥር ከአጥራችን የቀጠፈችው ቀይ አበባ። ስለ መሳቢያው ባለመናገሬ ራሴን ስንቴ እንደረገምኩ!

አያቴ ግን ውዱኣቸውን ጨረሱ፣ ማንጎው ሥር ሰሌናቸውን ዘረጉ፣ ሰገዱ። እኔም ከኋላቸው ሰገድኩ። አሰላመተው ቀና ሲሉ እትዬ ሱማና ከተቀመጠችበት ተነሥታ በሩ ላይ ቆማ እስኪጨርሱ ስትጠብቅ ነበር። አያቴ ዱካ ስበው በሯ ሥር ተቀመጡ። «ሉባባ፣ ነይ» አሉኝ። «ደሳለኝን አንጠራውም። እሱ ብዙ ያውቃል። አንቺ የሷን አማርኛ ታውቂያለሽ።»

ወደ ምስሏ ጠቆሙ። «ይሄ ማነው?»

«አስተማሪ» አለች።

«አምላክሽ ነው?»

«አይ። ሰው። ድሮ ሞተ።»

«የሞተ ሰው ምን ይሰጥሻል?»

«ምንም።»

«አትለምኚውም? ዝናብ አውርድልኝ፣ ደመወዝ ጨምርልኝ፣ የጎረቤቴን ዓይን አጥፋልኝ አትይውም?»

አልገባትም፤ እኔ እየተንተባተብኩ አሳጥሬ ነገርኳት። ሳቀች። «አይ! እሱ የለም። ማን ይሰማል?»

አያቴ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ሳቅ አየሁ። «ወላሂ፣ ይቺ ጣዖት አምላኪነቱንም አልቻለችበትም! ታዲያ አበባው ለምን ነው?»

እትዬ ሱማና ገብታ የትናንቱን አበባና የዛሬውን አመጣች። የዛሬውን በአንድ እጇ፣ የትናንቱን በሌላው። «ይሄ ዛሬ። ይሄ ትናንት» አለች። የትናንቱ ጠቁሮ ተኮራምቷል። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እኔም።»

«ሞትን ነው የምታስቢው?»

«ሞት» የሚለውን ቃል ታውቀው ነበር። «አዎ። ጠዋት፣ ጠዋት።»

አያቴ የትናንቱን አበባ ከእጇ ተቀብለው አገላበጡት። አንድ ጭነት መኪና በአስፋልቱ ላይ እያጓራ አለፈ። «ሱብሃን አላህ!» አሉ በመጨረሻ። «እኛ እኮ ቀብር ስንሄድ ብቻ ነው ትዝ የሚለን፤ እሱንም መንገድ ላይ ስለ ከብት ዋጋ እያወራን እንረሳዋለን።» ከዚያ እንደገና ጠየቋት፤ አሁን ግን ድምፃቸው የዳኛ አልነበረም። «ልጄ፣ ደሳለኝ ፍልስፍና ነው ይላል። እኔ ሃይማኖት ነው ብለሽ ብትነግሪኝ እወዳለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ይህን በሷ አማርኛ መመለስ አልቻለችም። በእንግሊዝኛና በአማርኛ እየቀላቀለች፣ ቀስ እያለች ለእኔ ነገረችኝ፤ እኔም ከዚያ በፊት በሰው ፊት አውጥቼው በማላውቀው ድምፅ ለአያቴ ነገርኳቸው። «እናቴ ቤት ሃይማኖት ነበር ትላለች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ፍልስፍና ነው አሏት። ባሏ የሞተ ጊዜ ግን የትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ ይዤው አደርኩ ትላለች።»

አያቴ የባሏን ሞት አልሰሙም ነበር። ወዲያው ተነሥተው፣ እንደ እኛ ወግ፣ «አላህ ያጥናሽ» አሏት። እሷም እንደገና እጆቿን አጋጠመች። ሰውዬው ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ለቅሶው ግን እዚያች በር ላይ፣ በዚያ ጠዋት ተደረሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ትፈሪያታለሽ?»

«አልፈራትም» አልኩ።

«ሰው ሳያያት ምን ታደርጋለች?»

«ጊንጥ ታወጣለች» አልኩ። እንዴት እንደምታወጣው በእጄ አሳየኋቸው፤ ብርጭቆውን፣ ወረቀቱን፣ ካቡን። አያቴ በድንጋጤ እግራቸውን ከመሬት አነሡ። «የኛ ካብ ላይ? ይሄ ሁሉ ጊንጥ የኛ ካብ ላይ ነው ያለው?» ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ እትዬ ሱማናም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ሳቀች።

ቁርስ ላይ ጋሽ ደሳለኝ ትናንት ያበላሹትን ሊያቃኑ ገና በጠዋት መጡ። ሌሊቱን መጽሐፍ ሲያገላብጡ ማደራቸው ከዓይናቸው ያስታውቃል። «አባባ ሰይድ፣ አንዳንድ ሊቃውንት ሃይማኖትም ነው ይላሉ…» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አያቴ እጃቸውን አነሡ።

«ልጅቱ ትሂድ» አሉ።

እናቴ እልል ልትል ቃጥቷት እንግዳዋን አይታ ተወችው፤ ከዚያ ደግሞ ሳትተወው እልል አለች። ጋሽ ደሳለኝ ግን መምህር ናቸውና ነገሩ ሳይቋጭ ሊቀር አልቻለም። «ታዲያ ምን ሆኖ አገኙት፣ አባባ? ሃይማኖት ወይስ ፍልስፍና?»

«እሱን አንተ አስተምር፤ ደመወዝ የሚከፈልህ አንተ ነህ» አሉ አያቴ፣ ዳቦአቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ። «እኔ ልጄን ለማን እንደምሰጥ ነበር የጠየቅሁት።» ከዚያ ወደ እትዬ ሱማና ዞረው ጣታቸውን ቀሰሩ። «ስሚኝ፣ ልጄ። አንቺ ከዶሮ በፊት እንደምትነሺ አይቻለሁ። ይቺ ግን እንቅልፋም ናት፤ ወልድያ ደግሞ ብርድ ነው። ሱብሂ እንዳታመልጣት። አደራ!» ጋሽ ደሳለኝ ተረጎሙላት፤ በዚህኛው አንድ ቃልም አልጨመሩበትም።

እትዬ ሱማና ዛሬ አገሯ ናት፤ ክፉው ጊዜ ሳይመጣ ነው የሄደችው። በስልክ ድምፅ ትልክልኛለች፤ አማርኛዋ እየሳሳ ነው፣ ሳቋ ግን እንዳለ ነው። አያቴ ዕድሜ ሰጥቷቸው ግራና አሉ፤ ዛሬም ስልክ ሲያወሩ ጎረቤት ይሰማል። እኔ ግን ሁሉንም ስረሳ የማልረሳው ወልድያ የደረስንበትን የመጀመሪያውን ማግስት ነው። አዳጎ ሰፈር የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። ከመርሳ ሙቀት ለወጣ ሰው የወልድያ ጎህ አጥንት ይገባል፤ ብርድ ልብሴን እስከ ራሴ ስቤ ተኝቻለሁ። በሩ በቀስታ ተንኳኳ። «ሉባባ። ተነሽ። ሶላት።» ዝም አልኩ፤ የምትተወኝ መስሎኝ። «ሉባባ። አያት።» በሩ ተከፈተና ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ አበባዋን በአንድ እጇ፣ እንፋሎቱ የሚወጣ ማንቆርቆሪያ በሌላ እጇ ይዛ ገባች። ውዱእ የማደርግበትን ውሃ አሙቃልኝ ነበር። ተነሣሁ። እኔ በአንደኛው ክፍል ሰገድኩ፣ እሷ በሌላው ተቀመጠች፤ መሐላችን ያለው በር ክፍት ነበር። ቀድሞ የጨረሰ ሻይ ይጥዳል ተባባልን። እሷ ስትቀመጥ አትቸኩልም፤ ስለዚህ አብረን በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ሻዩን የምጥደው እኔ ነበርኩ።